«ኮሙኒኬሽን ለሐኪም ትርፍ ትምህርት ነው» ላሉት ዶክተር ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ሲኒየር ሐኪም የጻፉት ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰና አነበብኩት። ላላነበበው ባጭሩ፦ የህክምና ተማሪዎች ከበሽተኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚማሩበት ኮርስ በደንብ ይሰጥ መባሉ አላስደሰታቸውም። አምስት ምክንያት አቅርበዋል። አንድ፣ ጠባይ ከቤት ይዘውት የሚመጡት ነገር ነው እንጂ ክፍል ውስጥ አይሰጥም። ሁለት፣ ያን ሁሉ ሰልፍ የሚያይ ሐኪም ለወሬ ጊዜ የለውም። ሦስት፣ እኛ ሲኒየሮቻችንን አይተን ተምረናል፣ እነሱም አይተው ይማሩ። አራት፣ ነገሩ የፈረንጅ ነው፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ፈተናውን ትተውታል። አምስት፣ በኛ ባህል ክፉ ወሬ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው፣ ስለዚህ የነሱ ባለ ስድስት ደረጃ አነጋገር እኛ ጋ አይሰራም።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ከተማው ጫፍ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው። ዶክተር፣ በአካል አላውቅዎትም፣ እድሜዎንም ልምድዎንም አከብራለሁ። ግን ጽሑፉን ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱም እርስዎ ትርፍ ያሉት ትምህርት ስላልተሰጠኝ አንድ ሰው ላይ ያደረስኩት ነገር እስከዛሬ ከአይምሮዬ አልወጣም።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) እያለሁ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ አባት ድንገተኛ ክፍል ገቡ፣ ሳንባቸው ነበር፣ በጣም ደክመው ነው የመጡት። ልጃቸው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ የሳቸውን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የጻፍኩለትን ወረቀት ይዞ ውጪ ያለ ፋርማሲ ሮጠ። ሳይመለስ አባትየው አለፉ። ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ አገኘሁትና ቆሜ «አባትህ አርፈዋል» አልኩት። ልጁ ፊቱ በራ። «እሰይ ተመስገን! ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም እኮ ዶክተር፣ ይተኙ በቃ፣ ሲነቁ ይሰጧቸዋል» ብሎ ፌስታሉን ዘረጋልኝ። እኔም ተቀበልኩት። ውስጡ ሁለት ሴፍትሪያክሶን፣ ካኑላ፣ ጓንት፣ ደረሰኙም ሳይቀር ተጣጥፎ ነበር። ከዛ ፌስታሉን እንደያዝኩ ሁለተኛ ነገርኩት፣ የተደሰተን ሰው ነው መልሼ የነገርኩት።

አሁን ዶክተር ልጠይቅዎት፣ ይሄ የጠባይ ችግር ነው? እናቴ በደንብ ነው ያሳደገችኝ። ልጁን አልተቆጣሁትም፣ አላመናጨቅኩትም፣ እንደውም ትልቅ ሰው «ሞቱ» ማለት ነውር ስለሚመስለኝ በአክብሮት ነው «አርፈዋል» ያልኩት። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚባለው። ርህራሄ ነበረኝ፣ ያልነበረኝ እውቀቱ ነው። ሦስት ሌሊት ላልተኛ ሰው «አረፈ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው የነገረኝ የለም። ወደ ጎን ወስደህ አስቀምጠው፣ «ከባድ ነገር ነው የምነግርህ» ብለህ አዘጋጀው፣ ከዛ በማያሻማ ቃል ሕይወታቸው አልፏል፣ ሞተዋል በለው፣ ከዛ ዝም በል፣ ስለ ካርድና ስለ አስከሬን ወዲያው አታውራ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ይሄን ለማስተማር የአንድ ከሰዓት ጊዜ ይበቃል። ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ መቅዳት ስማር መጀመሪያ አየሁ፣ ከዛ ሲኒየር አጠገቤ ቆሞ እጄን እያየ ሰራሁ፣ ከዛ ነው ብቻዬን የተለቀቅኩት። መርፌ ለመውጋት «ከቤትህ ይዘኸው ና» አልተባልኩም። መርዶውን ግን የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ብቻዬን ነው የነገርኩት።

እና ጠባይ ከቤት ነው የሚለው አባባል ሌላም ጉዳት አለው። አንድ ሐኪም ተሳስቶ ሲናገር ስህተቱን ሲነግሩት እንደ እርማት ሳይሆን እንደ ስድብ ነው የሚሰማው፣ «አስተዳደግህ ነው» እንደተባለ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ ማንም አያርመውም፣ እሱም አይጠይቅም። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት እቅዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ መፍጠር የሚል አጀንዳ ይዞ ተነስቶ ነበር። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ደግፌዋለሁ። ግን ሩህሩህ ሁን ተብሎ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍና ርህራሄህን በየትኛው አረፍተ ነገር እንደምታወጣው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያሳይህ ልዩነት አለው።

ቅደም ተከተሉን ልዝለልና ሦስተኛው ነጥብዎ ላይ ልምጣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው። አይተው ይማራሉ ብለዋል። እሺ፣ ምን አይተው? ራውንድ ላይ፣ ማለትም ጠዋት በሽተኞች አልጋ ለአልጋ ሲታዩ፣ የሚሆነውን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ተማሪው ማታ ብቻውን ገብቶ ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ይወስዳል፣ ጠዋት አልጋው ዳር ቆሞ ያቀርባል፣ ሲኒየሩ ያቀረበውን ይሰማል፣ ቁጥሩን ይጠይቃል፣ ያልጠየቀውን ይጠይቀዋል። ግን ተማሪው ያንን ታሪክ ከበሽተኛው አፍ እንዴት እንዳወጣው ያየ ማንም የለም! ሰውየውን አቋርጦት ይሁን፣ አስፈራርቶት ይሁን፣ አስታማሚዋን አስወጥቶ ይሁን ሳያስወጣ፣ በምን ቋንቋ ይሁን፣ አይታወቅም። እኔ በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ከበሽተኛ ጋር ሳወራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ያየኝ መምህር አንድ ነው፣ እሱም ፈተና ላይ ነው፣ የሰጠኝም ማርክ ብቻ ነው። ሆድ ስነካካ እጄን ያረሙኝ ግን ብዙ ናቸው።

በዛ ላይ አይተን የተማርነው ነገር ሁሉ ጥሩ አልነበረም። «እስካሁን ቤት ምን ትሰሪ ነበር?» ብሎ እናት ላይ መጮህን አይተን ነው የተማርነው፣ ቀልጣፋ ሐኪም የሆንን እየመሰለን። በጣም የሚገርሙ አስተማሪዎችም ነበሩን፣ አንዷ በሽተኛ ልታናግር ስትል ሁሌ ወንበር ስባ ነበር የምትቀመጠው፣ ግን ለምን እንደምትቀመጥ ነግራን አታውቅም፣ እኛም እግሯን ስላመማት ነበር የሚመስለን።

ልምድ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት የሚባል የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ፣ ከ34 የካንሰር ማዕከላት 160 የካንሰር ሐኪሞችን ይዞ ከእውነተኛ በሽተኞቻቸው ጋር ሲያወሩ በቪዲዮ ቀረጻቸው። እነዚህ ተማሪዎች አይደሉም፣ ስፔሻሊስቶች ናቸው። ግማሾቹ የሦስት ቀን ኮርስ ወሰዱ፣ ሌሎቹ አልወሰዱም፣ ለተወሰኑት ደግሞ ስለ አነጋገራቸው በጽሑፍ አስተያየት ተሰጣቸው። ኮርሱን የወሰዱት አጠያየቃቸው፣ ለስሜት የሚሰጡት ምላሽ ተለወጠ። ወረቀት ብቻ የተሰጣቸው ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላመጡም። ማለትም ሰው የሚሻሻለው እየተለማመደ፣ እየታየ፣ እዛው እየታረመ ነው።

ጊዜ የለም ወዳሉት ልመለስ። ይሄንን ነጥብ አላጣጥለውም፣ ሰልፉን አይቼዋለሁ። ከኛ አካባቢ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ሌሊት ተነስቶ ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያይራል፣ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ተራው ሲደርስ ረፋዱ አልፏል፣ ሐኪሙም ደክሟል። ግን ዶክተር፣ ጊዜውን የሚበላብን ሰውየው ማውራቱ ነው ብለው ነው? እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ 74 የህክምና ቀጠሮዎች ተቀድተው ሲሰሙ ሐኪሞቹ በአማካይ በ18 ሰከንድ ነው በሽተኛውን ያቋረጡት፣ ያመመውን ተናግሮ የጨረሰው 17ቱ ላይ ብቻ ነው። እኛ ሐኪሞች የምንፈራው ካላቋረጥነው አያባራም ብለን ነው። ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ፣ ሐኪሞቹ እንዳያቋርጡ ተነግሯቸው 335 በሽተኞች የፈለጉትን ያህል እንዲያወሩ ተደረገ። በአማካይ 92 ሰከንድ ነው ያወሩት። ከአራቱ ሦስቱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሱ። ከአምስት ደቂቃ በላይ የሄዱት 7 ሰዎች ናቸው፣ የነሱም ወሬ ለህክምናቸው የሚጠቅም ሆኖ ነው የተገኘው። አንድ ደቂቃ ተኩል ነው እንግዲህ። እኔ ክሊኒኬ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ዝም ማለት መጀመሪያ ላይ በጣም ይከብዳል፣ ግን «ጨጓራዬን ነው» ብላ የገባችው ሴት ዝም ስላት ነው ባሏ ሥራ ካቆመ ጀምሮ እንደማትበላ የነገረችኝ።

ደግሞ ወሬ አይደለም እኮ፣ ምርመራ ነው። ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ፣ ሁላችንም መጥቀስ የምንወደው ጥናት አለ፦ ከ80 አዲስ ተመላላሽ ታካሚዎች በ66ቱ ላይ ትክክለኛው በሽታ የታወቀው የሪፈር ወረቀቱ ተነቦ ታሪካቸው ሲሰማ ነው፣ አካል ምርመራው ሐሳብ ያስቀየረው 7ቱ ላይ ነው፣ ላብራቶሪውም ሌላ 7ቱ ላይ። እኛ ጋ ሲቲ ስካን ለማሰራት ሰው እቁቡን በሚያወጣበት ሰፈር በነጻ ያለን ትልቁ መሣሪያ ጆሯችን ነው።

አንድ የቅርብ ነገር ልጨምር። ከቱሉ ዲምቱ የመጡ እናት፣ አሞክሳሲሊን 500 በየ 8 ሰዓቱ ብዬ አዘዝኩላቸው፣ «ገባዎት?» አልኳቸው፣ «አዎ ልጄ ገብቶኛል» አሉኝ። በሳምንቱ ተመለሱ፣ ትኩሳቱ አልለቀቃቸውም። መድኃኒቱን እንዴት እንደወሰዱ ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ በየቀኑ ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ምሳ ከበሉ በኋላ፣ አንድ ፍሬ፣ አንድም ቀን ሳያዛንፉ። በትክክል ነው የታዘዙት! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። «ገባዎት?» ለሚል ሐኪም አልገባኝም የሚል እናት የለም፣ ይሉኝታ አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ነው የሚነግሯት?» ነው የምለው፣ ጠዋት ሲነሱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሊተኙ ሲሉ ብዬ ከጸሐይ ጋር አያይዤ እናገራለሁ። አርባ ሰከንድ ቢወስድ ነው። እኚህ እናት ሁለተኛ ሲመጡ የከፈሉት የታክሲ፣ የካርድ፣ የመድኃኒት፣ እኔም ሁለተኛ ያየኋቸው ጊዜ ሲደመር ግን ስንት አርባ ሰከንድ ይወጣዋል?

የፈረንጅ ነው የሚለውን ብዙ አልሄድበትም። የፈተናው ጉዳይ ግን መስተካከል አለበት። አሜሪካኖቹ የተዉት ስቴፕ 2 ሲኤስ የሚባለውን፣ ለሐኪምነት ፈቃድ የአነጋገርና የምርመራ ችሎታ የሚለካበትን አገር አቀፍ ፈተና ነው፣ እ.ኤ.አ. 2004 ላይ ጀመሩት፣ በኮቪድ ምክንያት 2020 ላይ አቆሙት፣ 2021 ላይ አንመልሰውም አሉ። ቅሬታው ከዛም በፊት ነበር፣ ፈተናው የሚሰጠው በአምስት ከተማ ብቻ ነበር፣ ክፍያው ከ1,200 ዶላር በላይ ነበር፣ የነሱ ተማሪ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያልፈው ነበር። ትምህርቱን ግን አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሽተኛ መስሎ የሚጫወት ሰው ማስተማሪያ ይሁን የሚለው ሐሳብ ከወጣ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ እየሰፋ ነው የሄደው።

ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ማስረጃ ደግሞ እኔው ልስጥዎት፣ ጽሑፍዎ ላይ ስላላየሁት። እ.ኤ.አ. በ2013 ጃማ የሚባል የአሜሪካ የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞችን) በማስመሰል ልምምድ አሰልጥኖ በሽተኞቹን ሲጠይቅ አነጋገራቸው ተሻለ አላሉም፣ እንደውም በሽተኞቹ ላይ የድባቴ ምልክት በትንሹም ቢሆን ጨምሮ ነው የተገኘው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔም ሳነበው ደንግጫለሁ። ግን እኔ የተረዳሁት አታስተምሩ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ተለማምዶ ዎርድ ላይ ማንም የማያየው ከሆነ አይበቃም የሚለውን ነው። ጥያቄዎቹም የኛ መሆን አለባቸው። ስኳር ያለበትን ሰው ሁዳዴ ሲገባ ወይ ረመዳን ሲመጣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያደርገው መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። ጸበል የጀመረ ሰውም ካልጠየቅነው አይነግረንም፣ እንቆጣለን ብሎ ይፈራል። በኤችአይቪው ክፉ ዘመን አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ብለው በአደባባይ መናገራቸው የስንቱን ሰው ጭንቀት እንዳቀለለ እናስታውሳለን። ቋንቋውም አለ፦ እኛ አካባቢ አማርኛ የማይችሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ እናቶች ይመጣሉ፣ የሚያስተረጉመው ጥበቃው ወይ የአስራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ነው፣ ልጁ ፊት ስለ ማህጸን እንዴት ይወራል? ይሄን ለተማሪ የሚያስተምር ኮርስ ከየትም አይመጣልንም፣ እኛው ነን የምንጽፈው።

የመጨረሻው ነጥብዎ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ እኛ ክፉ ወሬ ብቻውን ላለ ሰው አንነግርም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ደግሞ ከማንም በላይ እናውቅበታለን። ወሬው ማታ ቢደርስ እንኳ ያድራል፣ ሌሊቱን ዘመድ ጎረቤት ይጠራራል፣ ማን ይንገራት ተብሎ ይመከራል፣ ጎህ ሲቀድ ለሥራ ሳትወጣ ሰብሰብ ብሎ ይኬዳል፣ ነፍሰ ጡር ትሁን ልቧን የሚያማት ትሁን ይታሰባል፣ አጠገቧ የሚይዟት ሴቶች ይቀመጣሉ፣ ከዛ ነው የሚከበር ሰው አፍ የሚከፍተው። ከተነገረም በኋላ ትቷት የሚሄድ የለም፣ እድሩ ድንኳኑን ይዞ ይመጣል። አሁን እርስዎ የተቹት ባለ ስድስት ደረጃ አካሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች ተብሎ የወጣው፣ ምን ይላል? ቦታውንና አብሮ የሚሆነውን ሰው አመቻች፣ እስካሁን የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ በቀላል ቃል ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አብራችሁ አስቡ። አያቶቻችን ይሄንን ቢሰሙ ምኑ አዲስ ነው የሚሉ ይመስለኛል! ልዩነቱ የሰፈር ሽማግሌው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እየሄደ፣ እያየ፣ ቀስ ብሎ ለመናገር መብቃቱ ነው፣ እኛ ግን ያንን ሥርዓት ሆስፒታል በር ላይ ጥለነው ነው የምንገባው፣ ኮሪደር ላይ ቆመን «አርፈዋል» የምንለው።

ግን አንድ ነገር ይለያል። መርዶ ላይ የሞተው ሰው ሞቷል። ህክምና ላይ ወሬው የሚመለከተው ሰው በሕይወት አለ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ፊታችንን እያነበበ ነው። አንድ ገበሬ አባት ነበሩ፣ መሬታቸው ለግንባታ ተወስዶ በካሳው ትንሽ ቤት የሠሩ። ልጆቻቸው ቀድመው ገቡና እንዳትነግርብን፣ ተስፋ ይቆርጣል አሉኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ልጆቹ ሊከፍሉ ሲወጡ አባትየው እጄን ያዙና «ልጄ፣ ልጆቼ የደበቁኝን ንገረኝ፣ ያልተከፈለ የእቁብ እዳ አለብኝ፣ ቤቱንም በማን ስም እንደማደርገው አልወሰንኩም» አሉኝ። ልጆቹ ሊጠብቋቸው ነው የፈለጉት፣ እሳቸው ደግሞ ጊዜያቸውን ነው የፈለጉት። ያን ቀን ያዳነኝ ዘግይቼም ቢሆን በራሴ አንብቤ የተማርኩት አንድ ጥያቄ ነው፣ «ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ? ስነግርዎትስ ማን አጠገብዎ ይሁን?» አልኳቸው። ትልቋ ልጄ ትሁን አሉ። ጠራናት፣ በሩን ዘጋን፣ ሦስታችንም ተቀመጥን። ቤተሰብ አልተገፋም፣ እሳቸውም አልተታለሉም። ለቤተሰብ ነው የሚነገረው ብሎ መደምደም አይቻልም፣ ለሳቸው ነው ብሎም እንዲሁ፣ ሰውየውን መጠየቅ ነው ያለው፣ አጠያየቁ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል።

ዶክተር፣ ካነበቡልኝ አንድ ልመና አለኝ፣ በጀትም አዲስ ኮርስም አይፈልግም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ኢንተርን ይምረጡ፣ አዲስ የገባ በሽተኛ ጋ አብረውት ይሂዱ፣ ወንበር ስበው ጥግ ላይ ይቀመጡና አንድም ቃል ሳይናገሩ አስር ደቂቃ ይዩት። ከዛ ወደ ውጪ ይዘውት ወጥተው ጥሩ ያደረገውን አንድ፣ ቢያስተካክለው የሚሻለውን አንድ ይንገሩት። ያዩትን ቢጽፉልን ደግሞ የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነኝ።